ስውር መስመር

እንቁላሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ከካኔሎኔስ ይመጣል፤
ገለባ ያልለቀቀው አለ፣ አንዳንዱን ጭቃ ይዞታል።
እጠርገዋለሁ፣ ቀኑን በእርሳስ እጽፍበታለሁ፣
ከሙቀት ሣጥኑ አግብቼ እንደ ዶሮ እጠብቃለሁ።

በስምንተኛው ቀን ቅርፊቱን በስሱ እፈቀፍቃለሁ፤
ጥፍር በምታህል መስኮት ጎንበስ ብዬ አያለሁ፦
ነጥብ የምታክል ልብ፣ ለማንም ሳትናገር ስትመታ፣
ክር የመሰሉ ደም ሥሮች፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በጸጥታ።

ከዚያ በመቆንጠጫ የዕጢ ቁራሽ አስቀምጣለሁ፤
የሰናፍጭ ፍሬ ታህላለች፤
ከሰው ኩላሊት የወጣች፣ ቁጥር ያላት፣ ስም የሌላት።
መስኮቱን በፕላስተር እዘጋለሁ።

ሦስት ቀን።

ስከፍተው ደም ሥሮቹ የያዙትን መንገድ ትተዋል፤
እንደ ጋሪ ጎማ ዘንጎች ሁሉም ወደ እሷ ዞረዋል።
ማን ጠራቸው?
ፕሮቲን ነው። አፍ የሌለው ጥሪ፤
ከታፈነ ሴል ወጥቶ፣ በእርጥበቱ ውስጥ ተጉዞ
የደም ሥርን ግድግዳ የሚያንኳኳ፦
«እዚህ አየር አጥሮናል፤ ወደዚህ ቆፍሩ።»
ቃሉ ሐሰት የለበትም። በእርግጥም አጥሯታል።

*

ወንድሜ ዊልማር ሃያ ስድስት ዓመት
በሞንቴቪዴዎ ውሃ ድርጅት
ሌሊት ሌሊት መሬት ሲያዳምጥ ኖረ።
የብረት ዘንጉን አስፋልት ላይ አቁሞ፣ ጆሮውን ጫፉ ላይ አሳርፎ።
«ከተማ ሲተኛ ቧንቧ ያወራል» ይላል፤
«የሚያፈስ ያፏጫል፣ የተሰረቀ ይተነፍሳል።»
ከዋናው ቧንቧ ተቀጥሎ፣ በጎማ ቁራጭ ተጠምጥሞ
በቆርቆሮ ቤቶች ሥር የሚሾልክ መስመር ሲያገኝ
መሬቱን በቀይ ቀለም ያሰምራል፤
ጠዋት ሌሎች መጥተው ይቆርጡታል።
አንዳንዴ ግን አያሰምርም።
ለምን ብለው፣
«የሕፃን ልብስ ተሰጥቶ አየሁ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

በሐምሌ፣ የወንዙ ብርድ አጥንት ሲሰብር፣ ሽንቱ ቀላ።
ሐኪሟ ምስሉን ብርሃን ላይ ሰቀለችው፤
በግራ ኩላሊቱ ብርቱካን የምታህል፣
ዙሪያዋን በደም ሥር የታጠረች።
ዊልማር ብዙ አየው። ከዚያ ሳቀ።
«ቀጥለውብኛል» አለ፣ «ከዋናው መስመር።
ሥራቸው ንጹሕ ነው። እኔም ብሆን አልሰማቸውም ነበር።»

*

መድኃኒቱ በየሁለት ሳምንቱ በክንዱ ይንጠባጠባል።
ሥራው አንድ ነው፤ መልእክተኛውን መንገድ ላይ ይይዛል፣
ጥሪው ከበሩ ሳይደርስ።
ዕጢዋ ቀጨጨች። ደስ አለን።
ድዱ ግን ይደማል፣ የደም ግፊቱ ወጣ፣
ሚስማር የጫረው ጣቱ አርባ ቀን አልገጥም አለ፤
ቁስልም የሚጣራው በዚያው ቃል ነውና፣
መልእክተኛው ደግሞ ታስሯል።

ለማንም ያልነገርኩት ይኼን ነው፦
ጫጩቱም ያን ሁሉ ሥር የዘረጋው በዚሁ ጥሪ ነው።
እኔና ዊልማር በእናታችን ሆድ፣ እሱ በበጋ እኔ በክረምት፣
ከግድግዳዋ ተጣብቀን ደሟን ወደ እኛ የሳብነው
«ቆፍሩ፤ እዚህ ሰው አለ» ብለን ነው።
ደም ማነህ አይልም፤ የጠማውን ያጠጣል፤
ለልጅም ለሌባም እኩል በሩን ይከፍታል።

*

ትናንት ከሥራ ቦታዬ መጣ። ጓንት አጠለቅኩለት፣
አሥራ አንደኛ ቀኑን የያዘውን እንቁላል አወጣሁለት።
ማይክሮስኮፑን ብጠቁመው ዓይኑን አላስጠጋም፤
ጎንበስ አለና ጆሮውን ቅርፊቱ አጠገብ አዋለ፣
እንደ ልማዱ፣ ትንፋሹን ይዞ።
«ምን ትሰማለህ?»
አልመለሰልኝም።

ጠረጴዛው ላይ ቀይ እርሳስ ነበር።
አነሣው። በጣቶቹ መሃል አገላበጠው፣
ያልገጠመው ቁስል ላይ ፋሻው እንደ ተጠመጠመ።
ከዚያ መልሶ አስቀመጠው።

እንቁላሎቹ ሰኞ ማቀዝቀዣ እንደሚገቡ
አልነገርኩትም።